በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል

ዳኛው የተባለው ወጣት የአባቱን መርዶ የሰማው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሮ ነው። የሚወዳትን ዓይናዲስን ይቅር እንዳይላት ያደረገው ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ያ ከረባትም ነበር።

ሰው አባቱ ሲሞት ማንም ሳያስተምረው ማልቀስ ያውቅበታል። እየሳቀ ወጥቶ ሊያረዱት የመጡ ሽማግሎች ፊት ቆሞ «ግቡ እንጂ፣ ጣፋጭ ቅመሱ!» ያለ ሰው ግን ምን ያድርግ? እንባው ይሸሸዋል። በምትኩ ቁጣ ይመጣል፤ ቁጣ ደግሞ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኛው የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ ልጅ፣ ጅጅጋ ላይ የሚሠራ የውኃ መሐንዲስ ነው። ዓይናዲስ የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ ፒያሳ ካለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ የአውሮፕላን ትኬት ትቆርጣለች። የተዋወቁትም እዚያው ነው። «ከዚህ ጅጅጋ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቃት። «አዲስ አበባ ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያ ጅጅጋ አንድ ሰዓት ከሩብ። በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል» አለችውና ቀና ብላ አየችው። ያን ዕለት ትኬቱን ሳይገዛ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሶ መልሱን የማያውቅ ይመስል ያንኑ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ናፍቆት ባቃጠለው ቁጥር በስልክ የምታጽናናው በዚያችው ነበር። «ሩቅ አይደለህም እኮ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነህ።»

ሩቅ የነበሩት እናቷ ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ያላቸው፣ ወንበሩንም ቤት ድረስ ይዘውት የሚመጡ ሴት ናቸው። «ልጄን ለጃናሞራ ገበሬ ልጅ? እኔ ቆሜ እየሄድኩ?» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ደጃቸው አላስደረሱም። እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ ዓይናዲስ ደውላ «እማዬ እሺ አለች፤ ሽማግሌ ትቀበላለች፤ ቶሎ ና» ስትለው፣ ዳኛው ጅጅጋ ከተማ መሐል መንገድ ላይ እንደ ልጅ ቢዘል ማን ይፈርድበታል?

የምሥራች የሰማ ሰው ሙሉ ልብስ ያሰፋል። እሱም አሰፋ። ለወይዘሮ እጅጋየሁ ሽቶ፣ ለአባቱ ወፍራም ካፖርት፣ ለሽማግሎቹ ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ አንድ ካርቶን ገዛ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ጥበቃውን ሳይቀር እየጨበጠ ነው የወጣው። ዓይናዲስ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ሆነሻል?» ቢላት «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለችው። በሐምሌ! ጎንደር ጭቃ እንጂ አቧራ በማታውቅበት ወር! የተደሰተ ሰው ግን የሚያየው የፈለገውን ብቻ ነውና፣ ሙሽራ ልትሆን ስለሆነ ሆድ ብሷት ነው ብሎ ተረጎመላት። እዚያው አጠገብ፣ ፀዳ ከሚባለው ሰፈር ወዳለው የአጎቱ ቤት ወሰደችው። አጎቱ አያ ሰውአገኝ ዓይኑን ሳያዩ «ነገ በማለዳ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ጋደም በል» አሉት። አልዋሹም።

በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው ደግሞ ከቶ አይታሰብም። በሰበብ ይጠራል፣ ከዘመድ ቤት ያድራል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሽማግሎች መጥተው ግራና ቀኝ ይዘው ያረዱታል። የጋብቻ ሽማግሌም የሚሄደው በማለዳ ነው። ያም ይህም ነጭ ጋቢ ይለብሳል፣ ዱላ ይይዛል፣ ዝም ብሎ ይቆማል። በመስኮት የሚያይ ሰው ሁለቱን በምን ይለያቸው?

ዳኛው አልለያቸውም። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«እንዴት አደራችሁ! ምነው ቆማችሁ? ወይዘሮ እጅጋየሁን ገና ሳታዩዋቸው ፈራችሁ?»

ብቻውን ሳቀ። የሐልዋውን ካርቶን ከፍቶ ማደል ጀመረ። አንድ ሽማግሌ የተሰጣቸውን ቁራሽ የት እንደሚያኖሩት ቸግሯቸው ጋቢያቸው ሥር ደበቁት።

«ዳኛው፣ ቁጭ በል» አሉት አያ ሰውአገኝ።

«ሱሪው ይጨማደዳል አያ!»

«ቁጭ በል ልጀ።»

ያኔ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ጠጋ ብለው ያዙት። አያ ሰውአገኝ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው «አባትህ ማክሰኞ ዐረፈ» አሉት።

የያዙት ሰዎች ራሱን ሊጥል ነው ብለው ጠበቁ። ዳኛው ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ በጓዳው በር በኩል አሻግሮ አየ። ዓይናዲስ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። ትናንት ደማቅ ቀሚስ ለብሳ የተቀበለችው ልጅ ዛሬ ጥቁር ለብሳለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት። ሁሉም ነገር ገባው፤ ከሐዘኑም በፊት ጥላቻው ደረቱ ላይ ቁጭ አለ።

*

«ማክሰኞ መቼ?» አለ ዳኛው።

«ንጋት ላይ ዐረፈ፤ ከሰዓት ተቀበረ» አሉ አያ ሰውአገኝ።

ወደ አጎቱ አልዞረም። ዓይኑ እሷ ላይ ነው። «ማክሰኞ ነው የደወልሽልኝ።»

«አዎ።»

«ከመሞቱ በፊት ነው በኋላ?»

ዓይናዲስ ከንፈሯን ነከሰች። «በኋላ።»

«ሰማችሁ?» ብሎ ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። «የዚች ሴት ሥራ ትኬት መቁረጥ ነው። ለነጋዴው ትቆርጣለች፣ ለቱሪስቱ ትቆርጣለች፣ ለሠርገኛው ትቆርጣለች! አባቱ ለሞተበት ሰው ብቻ እጇ አልታዘዝ አላት። ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ነው! በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል! ይህን እንደ ዳዊት ያስደገመችኝ ራሷ ናት!»

«ልጅቱ ምን አደረገች? ያዘዝኋት እኔ ነኝ» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማ 'በሰበብ ጥሪው' አልኋት። እንዲህ ያለውን ሥርዓት አገር ነው የሠራው።»

«'በሰበብ ጥሪው' አሏት፤ እሺ። 'ሽማግሌ ልትልክ ነው በይው' ብለዋታል?»

አያ ሰውአገኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን ሰበብ ማን መረጠው?»

«እኔ» አለች ዓይናዲስ።

«አባትህን አሞታል ብትይኝ በዚያው ዕለት እነሣ ነበር። አንቺ ግን አስጨፈርሽኝ። አባቴ አፈር ሲለብስ እኔ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ለእናትሽ ሽቶ ሳሸት ዋልኩ!»

እውነት ለመናገር ዓይናዲስ መልስ አላጣችም። ሊያመልጣት የደረሰ፣ ቢወጣ እሱን አፉን የሚያስይዝ መልስ ነበራት። ግን ሐዘንተኛ የወደደውን ይናገራል፤ የሰማው ሰው ይውጠዋል። እሷም ዋጠችው።

ዳኛው ከረባቱን ሊፈታ ታገለ። ባልለመደ እጅ የታሰረ ነውና ይበልጥ ጠበቀበት፤ አንገቱ ቀላ። ዓይናዲስ ሳታስበው ልትፈታለት አንድ እርምጃ ጠጋ አለች።

«እንዳትነኪኝ!»

እጇን ወደ ኋላዋ መለሰች። ሰው ፊት ስትሰርቅ የተያዘች መሰላት፤ ዕድሜ ልኳን እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

*

ለቅሶ ልድረስ ያለ ሰው አይመለስም፤ ጠላትም ቢሆን። አያ ሰውአገኝ ወደ መካነ ብርሃን የሚወጣ ሚኒባስ ሲኮናተሩ ዓይናዲስ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ከሰው ሁሉ ኋላ ገባች። ዳኛው «ትውረድ» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው። መጥፎ ዕድል ሆኖ የቀረው ቦታ ከእሱ አጠገብ ብቻ ነበር። ተቀመጠች። ጉልበታቸው እንዳይነካካ እሱ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ መተላለፊያው ተጣመሙ። እስከ ዳባት ድረስ ሁለቱም ወገባቸው ተቆረጠ፤ ማንም ግን አልተስተካከለም።

ዳባት ላይ የዓይናዲስ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ከጆሮ አልፎ ለጎረቤት የሚተርፍ ዓይነት ስልክ ነው።

«የት ነሽ አንቺ ልጅ?» ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው።

«ለቅሶ እየሄድኩ ነው እማዬ። ጃናሞራ።»

«እዚያ ልጅ ቤት? አላልኩሽም? ስንቴ ነው 'አይሆንም' የምልሽ? አሁኑኑ ውረጂና ተመለሺ!»

«አልመለስም።»

«እንግዲያው እዚያው ቅሪ!» ብለው ዘጉት።

ዳኛው መስኮቱን እያየ ሳቀ፤ የሚያስጠላ አጭር ሳቅ። ለካ ወይዘሮ እጅጋየሁም እሺ አላሉም። ለካ ማክሰኞ ከሰማው ሁሉ አንዲትም ነገር አልተረፈችም። አባቱም የለም፣ ሽማግሌም የለም፣ ሠርግም የለም። አጠገቡ ያለችው ሴት ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀች በዚያ በሚወደው ድምፅ «ቶሎ ና» ብላዋለች። ያንን ድምፅ ከጆሮው ነቅሎ መጣል አማረው።

ደባርቅን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ሲደርሱ ጉሙ ወርዶ የመኪናው መብራት ከአፍንጫው አልፎ አላሳይ አለ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «በዚህ ጉም የቧሂትን ተራራ አልወጣም። ሲገልጥ እንሄዳለን» አለ። ሰው ሁሉ እግሩን ሊያፍታታ ወረደ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለውም አላዩአቸው።

ዳኛው ከሰው ተለይቶ ወደ ገደሉ ዳር ሄደ። ዓይናዲስ ተከተለችው። እንድትከተለው አልፈለገም፤ ባትከተለው ደግሞ የባሰ ይናደድ ነበር።

«ተናገር» አለችው። «እዚህ ሽማግሌ የለም። የተረፈህ ነገር ካለ ንገረኝና ይውጣልህ።»

«ምን የሚነገር አለ? ከነገርሽኝ ውስጥ አንዲት እውነት አለች?»

«አለች። 'ቶሎ ና' ብዬሃለሁ።»

ፊቱን አዞረባት። እሷ ግን ዞራ ከፊቱ ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል።

«ረቡዕ ጠዋት ደወልኩልህ። 'የዛሬ ከሰዓቱ በረራ ላይ ቦታ አለ፣ ልያዝልህ' አልኩህ። ምን አልከኝ?»

ዳኛው በጫማው ጫፍ ጭቃውን ጫረ።

«ምን አልከኝ ዳኛው?»

«አላስታውስም።»

«ታስታውሳለህ! 'ሰፊው ልብሱን አልጨረሰም' አልከኝ። ሐሙስ ደግሜ ደወልኩ። 'እጅጌው ረዝሟል፣ ይስተካከልልኝ' አልከኝ! ለቀብሩ ምንም ብታደርግ አትደርስም ነበር፤ በአየር ብትበር ይህ መንገድ ያሳድርሃል፤ ይኸው እያየኸው ነው። ለሰልስቱ ግን ትደርስ ነበር። እያለቀስኩ ስለምንህ አንተ የኮት እጅጌ ትለካለህ!»

«እንዳለቀስሽ በምን ልወቅ? ሠርግ ነው ብለሽኝ!»

«አባትህን አሞታል ብልህ ኖሮ ስልኩን እንደዘጋሁ ለአገሩ ሁሉ ትደውል ነበር። አንዱ አፉ ያመልጠው ነበር። በኪራይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ዘመድ በሌለህ አገር፣ ብቻህን ትሰማው ነበር። ማን ይይዝህ ነበር?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌላ የሚያስመጣህ ነገር ፈለግኩ። ከዚህ በላይ የምትወደው ነገር አላገኘሁም። ክፉ ምርጫ ነው። እሱን አውቃለሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ! እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፤ አንባቢዬም ዝም ይል ነበር። ዳኛው ግን ተሸነፈ፤ የተሸነፈ ሰው ደግሞ የሚያነሣውን አይመርጥም።

«እናትሽ ልክ ናቸው» አለ በቀስታ። «እናንተ የወንበር ልጆች ናችሁ። የገበሬ ሬሳ ምናችሁ ነው? መጫወቻችሁ ነው።»

ዓይናዲስ ፊቷ አመድ መሰለ። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«ለቅሶሽን ድረሺ» ብሎ ቀጠለ። «ነገ በመጣሽበት መኪና ተመለሽ። ሁለተኛ ስምሽን አልጠራም።»

«እሺ» አለችው።

ይህን ብቻ። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ በጉሙ ውስጥ ወደ መኪናው ተመለሰች። ዳኛው ያሸነፈ መስሎት ትንሽ ቆመ። ወዲያው ያቺ «እሺ» ውስጡ ገብታ ትፈጀው ጀመር፤ መልሳት እንዳይል ኩራት፣ ተዋት እንዳይል ፍቅር ይዞት እዚያው ብርድ ላይ ቀረ።

*

መካነ ብርሃን ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ከመንደሩ አፋፍ ጀምሮ ዋይታው ተቀበላቸው። አምስት ቀን ሙሉ አልቅሶ ድምፁ የዘጋ ሰው ሁሉ ልጁ መጣ ሲባል እንደ አዲስ ጮኸ። ዳሱ ውስጥ እናቱ እናኑ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዳኛው እግሯ ሥር ተንበርክኮ ጭኗ ላይ ፊቱን ደፋ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ከእሱ ዓይን ግን ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ተያዩ። የማያለቅስ ልጅ ያስፈራል።

ዓይናዲስ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠች። የአባቱ እህት የትነበርሽ ከሩቅ ለየቻት።

«ይች ናት?» አለች ጮክ ብላ። «ይች ናት በአየር አመጣዋለሁ ያለች? 'ዛሬ ከነገርሁት ነገ ጎንደር ይገባል' አላለችም? እኛም አምነን ለሰልስቱ ይደርሳል ብለን ዓይናችን መንገድ ላይ ዋለ! ምነው፣ አየሩም ጭቃ ሆነ?»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዳኛው ከእናቱ ጭን ላይ ቀና አለ። የምትመልሰውን ያውቀዋል፤ ጨነቅ ላይ ሰምቶታል። ልብስ ሰፊው፣ እጅጌው፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አንድ ቃል ብትናገር በዘመዱ ሁሉ ፊት ዕድሜ ልኩን አንገቱን ይደፋል። ደግሞስ ለምን አትናገር? ያን ሁሉ ከሰደባት በኋላ ምን አለባት?

ዓይናዲስ ለአፍታ አየችው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሰበቡን አላወቅሁበትም።»

ዳኛው ውስጡ አንድ ነገር ተነቀነቀ። እስከ አሁን በእሷ ላይ የተቆለለው ቁጣው ሁሉ የሚይዘው አጥቶ መናድ ጀመረ።

«ተይ የትነበርሽ፤ ልጅቱን ተያት» አለች እናኑ። በልቅሶ የሻከረ ድምፅ ነው። ዝቅ ብላ ስትናገር ዳሱ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። «እናንተ የማታውቁት አለ። ሰኔ ላይ አባቱን አዳነን ጎንደር ለሕክምና ስወስደው 'ልጀ የወደዳትን ልጅ ሳላይ አልመለስም' ብሎ ፒያሳ ከሥራዋ ቦታ ይዞኝ ገባ። እንደ መንገደኛ ሆኖ 'ጅጅጋ የሚሉት አገር ስንት ቀን ያስኬዳል?' አላት። መልኩን አይታ ወዲያው ዐወቀችው። ተነሥታ እጁን ሳመችው። 'አባባ፣ በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው' አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገማት። 'መታመሜን አትንገሪው፣ ሥራውን እንዳይተው' ብሎ አስማላት።»

ዳኛው ወደ ዓይናዲስ ዞረ። እሷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሸፍናለች።

«ከዚያ ወዲያ አዳነ 'ልጀ ሩቅ ነው' ማለት ተወ» አለች እናኑ። «ለገባው ለወጣው 'ዳኛው ከሳንጃ ከተማ ይቀርባል' ይላል። ሸጋ እንቅልፍ መተኛት ጀመረ። ሰኞ ሲጠናበት 'ዳኛውን እንጥራው' አልነው። 'ምን አስቸኮላችሁ? ቅርብ ነው ያለ። በጠራነው ለት ይደርሳል፤ ሥራውን ይጨርስ' አለ። ሳይናፍቅ ነው የሞተ። ቅርብ ነው እንዳለ።»

አንድ ሰው «እግዚኦ» አለ። የትነበርሽ ግን አልለዘበችም። ሐዘን አንዳንዱን ሰው ያሾለዋል።

«እኮ! እንዲያ ባትለው ሰኞ ለት አስጠርቶት ነበር! 'ቅርብ ነው' ብላ አሳስታው ነው እንጅ! ልጁን ከአባቱ የለየችው እሷ ናት!»

ይህን ዓይናዲስም አላወቀችም ነበር። ነጠላው ከፊቷ ወደቀ። ጠዋት የተሰደበችው፣ ጨነቅ ላይ የተባለችው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

«እኔ...» አለች። «እኔ የነገርኳቸው ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለውን መቆያ አልነገርኳቸውም። ይህን ሁሉ ዳገት አልቆጠርኩላቸውም። ሲደሰቱ አየሁና... ደስታቸውን መቀነስ አልሆነልኝም።» ተንበረከከች። «አላወቅኩም። እማማ እናኑ፣ እግዜር ያውቃል፣ አላወቅኩም!»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ልጁ የሚለውን ነው። ሁለተኛ ስሟን አልጠራም ያለው ልጅ።

ዳኛው ተነሣ።

«እውነቷን ነው» አለ።

«ምን?» አለች የትነበርሽ።

«ዓይናዲስ ለአባቴ የነገረችው እውነት ነው። ቅርብ ነበርኩ።» ድምፁ እየተቆራረጠ ወጣ። «ማክሰኞ ቶሎ ና አለችኝ። ረቡዕ ለመነችኝ። ሐሙስ ለመነችኝ። እኔ ልብስ እያሰፋሁ ነበር አክስቴ። እጅጌው ረዝሞብኝ ነበር! አባቴ እንዳለው ቅርብ ነበርኩ፤ ያራቅሁት እኔ ነኝ። በሷ አትፍረዱ። እኔ ነኝ!»

የመጨረሻውን ቃል ሳይጨርስ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ መጣ። ሲመጣም ሰውዬውን ይዞት ወደቀ። «አባዬ! አባዬ!» እያለ መሬቱን ሲደበድብ ወንዶቹ ሊይዙት ተሯሯጡ። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ግን ከበሩ አጠገብ የነበረችው ናት። እንዴት እንደደረሰች እሷም አታውቅም። ጨነቅ ላይ ያላት ቃል ልቧ ውስጥ እንደ እሾህ እንደተሰካ ነው፤ አልነቀለችውም፣ በአንድ ቀንም አይነቀልም። እየተቆጣችው ከመሬት አነሣችው። እየተቆጣችው ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አያ ሰውአገኝ እጃቸውን ዘርግተው ሊያግዟት ሲሉ እናኑ በዓይኗ መለሰቻቸው።

«ይቅር በይኝ» አላት ዳኛው፣ ለሌላ በማይሰማ ድምፅ።

«ዛሬ አልችልም» አለችው ዓይናዲስ፤ ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።